ዝም ያሉ ሲንጀሮች

አማርኛችን ለሁለት ፈጽሞ ለማይገናኙ ነገሮች አንድ ስም ሰጥቷል። አንደኛው ቦሌ መንገድ ላይ ጡሩንባውን እያምባረቀ የሚከንፈው ነው። ሁለተኛው ጥግ ይዞ፣ ከሰው እግር ሥር ሆኖ፣ ሲያንቀጫቅጭ የሚውለው። ሁለቱም "መኪና" ናቸው። (ሦስተኛም ነበረ፤ የጽሕፈት መኪና። እሱን ኮምፒዩተር በልቶታል።) ቃሉን ከጣሊያኖቹ "ማኪና" ወረስነው እንጂ ለልብስ ሰፊው መኪና ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። "መኪናዬ እምቢ አለችኝ" ሲላችሁ ነዳጅ አልቆባት ይሆን ብላችሁ አትጠይቁትም።

ይሄን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ስሙን ከሆቴል በወረሰው በአትላስ ሰፈር ዛሬ የስፌት መኪና በሦስት ቦታ ታገኛላችሁ። አንደኛው ካፌ ነው። የሲንጀር የብረት እግር ላይ መስታወት ወይም ጣውላ ተጋድሞበት ማኪያቶ ይቀርብበታል። እግራችሁን ዘርጋ ስታደርጉ ፔዳሉን ትረግጡታላችሁ፤ ፔዳሉም በታዛዥነት ይወዛወዛል፤ ከላይ ግን ከስኒ በቀር ምንም የለም። ሁለተኛው የአጥር ጥግ ነው። ላስቲክ ወጥሮ ዚፕ የሚቀይር፣ ሱሪ የሚያሳጥር፣ የሰልባጅ ኮት የሚያጠብ ሰው ይቀመጥበታል። ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ወዳጄ ቤት ነው። እዚያ 43 አሉ።

አርባ ሦስት የስፌት መኪና ምን ያደርግለታል? ይሄን ጥያቄ ሚስቱም ጠይቃዋለች፤ እኔም ጠይቄዋለሁ፤ ቤቱን ሊያጸዱ የሚመጡትም ይጠይቁታል። ሰዎች ብዙ ጊዜ መልሱን ራሳቸው አዘጋጅተው ነው የሚመጡት፤ "እናትህ ሰፍታ ነው አይደል ያሳደገችህ?" ይሉታል፣ ዓይናቸው እንባ ሊያቀር እየዳዳ። እናቱ ቁልፍ መትከል እንኳ የማይሆንላቸው ሴት ነበሩ። ወዳጄ ዕድሜውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፈ፣ ግማሹንም በሰው አገር የኖረ፣ በእጁ ምንም ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ከልዋጭ ሰው ጀርባ ላይ የተጫነች ጥቁር ነገር አየ፤ ወርቃማ ጽሑፏ በአቧራ ውስጥ ብልጭ አለችበት፤ ገዛት። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሌላ ሱሰኛ ሁሉ ታሪክ ነው።

ዕቃዎቹ የሚገኙበት መንገድ ራሱ ስለ ከተማችን ብዙ ይናገራል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ሰው ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ባለ ብረት እግሩ መኪና ደግሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት አይወድም። ቢወጣም መቀመጫ የለውም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስም ከየጓዳው ያልወጣ ዕቃ አልነበረም። እንግዲህ የማይገባው ዕቃ ወይ ለቆራሌው ይሰጣል፣ ወይ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። ምን አለሽ ተራ ላይ ደግሞ አሳዛኙ ነገር ይፈጸማል፤ ራሱና እግሩ ይለያያሉ። እግሩን የካፌ ሰዎች ይፈልጉታል፣ ጠረጴዛ ይሆናል። ራሱ ግን፣ ያ መርፌውን የያዘው፣ የሚሰፋው፣ ፈላጊ ያጣል። በኪሎ ተመዝኖ ከተሰበረ ድስትና ከመኪና (ከዚያኛው መኪና) ስብርባሪ ጋር ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። የሚሠራው ክፍል ተጥሎ የሚያጌጠው ክፍል የሚፈለግበት ዘመን ነው እንግዲህ።

ወዳጄ የሚገዛው ራሱን ነው። አብዛኞቹ ሲመጡ ደርቀው ነው የሚመጡት። መዘውራቸውን ብትገፉት ንቅንቅ አይሉም። የማያውቅ ሰው ተሰብረዋል ይላል። አልተሰበሩም፤ የቆየ ዘይት በጊዜ ብዛት ሙጫ ሆኖ ነው የያዛቸው። ጥድፊያ ያለበት ሰው በመፍቻ ይታገላቸውና ያን ጊዜ በእርግጥ ይሰበራሉ። መላው ላምባ ነው። በየቀዳዳው፣ በየመገጣጠሚያው ጠብ ጠብ እያደረጉ መተው፤ በማግሥቱ መዘውሩን በጣት መሞከር፤ እምቢ ካለ እንደገና ላምባ፤ እንደገና መተው። አንዳንዷ በሦስት ቀን ትላቀቃለች። አንዷ 5 ሳምንት ፈጅታበታለች። የመጀመሪያዋ ግማሽ ዙር ስትገኝ ወዳጄ ስልክ ይደውልልኛል፤ ልክ የልጅ ልጁ የተራመደች ይመስል። ከዚያ ላምባው በደንብ ይጠረግና የስፌት መኪና ዘይት ይገባል። የምግብ ዘይት የሚያደርጉ አሉ፤ ያ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሙጫ መሆን ነው።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ውጪያዊው ነው። ወርቃማ ሐረጉ፣ አበባው፣ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የግብጹ ስፊንክስ የተሣለው በጥቁሩ ቀለም ላይ ነው፤ ከላዩም ሼላክ የሚባል ሙጫ ቢጤ ተቀብቶበታል። ሼላክ የአልኮል ጠላት ነው። አንድ ሰው ለንጽሕና ብሎ በአልኮል ቢወለውለው ሙጫው ነጭ ይሆንና ወርቁ አብሮ ይነሳል። የስንት ዓመት ጌጥ በአንድ ቀን ንጽሕና ሄደ ማለት ነው። ወዳጄ የመጀመሪያዋን መኪናውን ያጣት እንደዚያ ነው። ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለች፤ ጥቁር፣ ራቁቷን፣ ስም የለሽ።

እናላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው እኔን የማረከኝ ነገር የመጣው። ሁሉም መኪኖች ላይ ወርቁ የሚጠፋው በአንድ ቦታ ነው፤ ከመርፌው ፊት ለፊት፣ ሰፊው ጨርቁን ይዞ በሚገፋበት። ሌላው ቦታ ሐረጉ እንዳለ ነው። እዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ግን ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል። ያ የማንም ቸልተኝነት አይደለም። የስንት ሺህ ቀሚስ፣ የስንት ዩኒፎርም፣ የስንት ትራስ ጨርቅ ያለፈበት ነው። የአንዲት ሴት (ወይም የአንድ ወንድ) የ30 ዓመት የግራ እጅ ነው።

አሁን አዳሹ ምን ያድርግ? ገበያው ላይ የተዘጋጀ ወርቃማ ተለጣፊ አለ፤ ከውጭ ይመጣል። ቀለሙን ፍቆ፣ አዲስ ጥቁር ቀብቶ፣ ሐረጉን ለጥፎ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ማድረግ ይቻላል። የሚያደርጉ ሰብሳቢዎች ብዙ ናቸው። ወዳጄ አያደርገውም። "ያቺን ቦታ ከቀባሁማ ሴትየዋን ገደልኳት ማለት ነው" ይላል። መልካም። ግን ሴትየዋን ያውቃታል? ስሟን ያውቃል? ከ43ቱ ውስጥ የባለቤቶቹን ስም የሚያውቀው የ6ቱን ብቻ ነው። የመኪኖቹን ተከታታይ ቁጥር ግን የሁሉንም በቃሉ ያነበንበዋል። ቁጥሩ መሠረቱ ላይ ተቀርጿል፤ በፊደል የሚጀምረው ቁጥር ከኩባንያው መዝገብ ጋር ሲተያይ የተሠራበትን ዓመት ይነግራል። ብረቱ የልደት ምስክር ወረቀት አለው። እጁ የለውም።

እንዲህ ያለውን ነገር ፈላስፎቹ በመርከብ ነበር የሚመስሉት፤ የቴሲየስ መርከብ ጣውላው አንድ በአንድ ቢቀየር ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼን ያዛጋቸው ነበር። ምነው ያኔ የመርካቶን ልብስ ሰፊ ጠርቼ ባስጠየቅኩት! የሲንጀር 15 ቁጥር ንድፍ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የነበረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች ገለበጡት፣ ቻይናም በ"ቢራቢሮ"ዋና በሌሎቹ ገለበጠችው። ስለዚህ ዕቃው ይጋጠማል። ራሱ የስኮትላንድ ሲንጀር፣ ክር ማጥበቂያው የቻይና፣ ቺንጊያው ከእዚሁ ቆዳ የተቆረጠ፣ ጣውላው የአናጢ ሥራ የሆነ መኪና ሞልቷል። "ምንድነው?" ብትሉት ባለቤቱ ሳያመነታ "ሲንጀር ነው" ይላችኋል። የሚሰፋ እስከሆነ ድረስ ጥያቄው አይገባውም። በ1930ዎቹ የተሠራች 15 ቁጥር ዛሬ ከሱቅ የተገዛውን ተራ መርፌ ያለ ምንም ችግር ትቀበላለች። ከዘጠና ዓመት በኋላ መለዋወጫው ከየሱቁ የሚገኝለት ሌላ ምን ዕቃ ታውቃላችሁ? ስልኬ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቻርጀሩ ጠፍቷል ከገበያ።

የዕቃ ዋጋ ነገር ከተነሳ እግረ መንገዴን አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አንድ ወሬ ተነዛ፤ የድሮ ሲንጀሮች ውስጥ "ቀይ ሜርኩሪ" የሚባል ውድ ነገር አለ ተባለ። መሞከሪያውም ሞባይል ነው፤ ስልኩን ወደ መርፌው ስታስጠጉት መስመሩ ከተቋረጠ አለ ማለት ነው። በጥቂት ብር ይገዛ የነበረ አሮጌ መኪና እስከ 200 ሺህ ሪያል ተጠየቀበት። ሌቦች የልብስ ሰፊ ሱቅ ሰብረው ገቡ። ሜርኩሪው አልነበረም፤ ቀይም ሆነ ነጭ። ነገሩ ሞኝነት ነው ብለን እንሳቅ፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ያመነው ምንድነው? በሥራ ያረጀ ዕቃ ውስጥ ከሥራው ሌላ የተደበቀ ክቡር ነገር መኖር አለበት ብሎ ነው። ሰብሳቢውም እኮ የሚያምነው ይሄንኑ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ሜርኩሪ ትዝታ ይባላል እንጂ።

ቫልተር ቤንጃሚን የተባለው ጀርመናዊ አሳቢ በ1930ዎቹ ስለ ሰብሳቢዎች ሲጽፍ፣ እውነተኛ ሰብሳቢ ዕቃን "የመጥቀም" ግዴታ ከተጫነበት ባርነት ነፃ ያወጣዋል የሚል ሐሳብ ነበረው። እሱ በተለይ የሚያውቀው ስለ መጻሕፍት ነው። የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ለመጻሕፍትም ሳይሠራ አይቀርም። (የእኔም መደርደሪያ ላይ ያልተነበበ ሞልቷል፤ ነፃ ወጥቷል ብዬ እጽናናለሁ።) የስፌት መኪና ላይ ሲመጣ ግን ይጎረብጠኛል። ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ያጣ መኪና ነፃ ወጣ ይባላል? ወይስ ሥራ ፈታ?

በሌላ በኩል ደግሞ መኪናዋ ንጹሕ አይደለችም። ታሪኳን ያየ ሰው የሚሰፋውን መኪና እንዲሁ ዝም ብሎ አያመሰግንም። ፈረንሳዊው ቲሞኒየ እ.ኤ.አ. በ1830 ለስፌት መኪናው የባለቤትነት ፈቃድ አግኝቶ ፓሪስ ውስጥ የወታደር ልብስ መስፋት ሲጀምር፣ በዓመቱ የከተማው ልብስ ሰፊዎች ገብተው 80 የሚሆኑ መኪኖቹን አደቀቁለት። እንጀራችንን ሊበላ ነው ብለው። ሰውየው በድህነት ሞተ። አሜሪካዊው ዋልተር ሀንት ደግሞ በ1830ዎቹ ሁለት ክር የሚያቆላልፍ መኪና ከሠራ በኋላ ፈቃድ ሳያወጣበት ተወው። ልጁ "መርፌ ይዘው የሚያድሩትን ድሆች ሴቶች ሥራ ታሳጣቸዋለህ" ብላው ነው ይባላል። እውነት ከሆነ በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ከማውቃቸው ጥቂት ይሉኝታዎች አንዱ ነው። ይሉኝታው ግን አልጠቀመም፤ ኤልያስ ሃው በ1846፣ ሲንጀር በ1851 የየራሳቸውን አስመዘገቡ፤ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ መጨረሻ ላይ ተስማምተው ትርፉን ተካፈሉ። (ሀንትን ዛሬ የምናመሰግነው በሌላ ነው፤ መርፌ ቁልፍን የፈለሰፈ እሱ ነው፤ መብቱን በ400 ዶላር ሸጠው።)

ጋንዲን አስቡት። ማሽን የሚባል ነገር አጥብቀው የሚጠሉት ጋንዲ፣ ለአንድ ማሽን ግን ምሕረት አድርገው ነበር፤ ለሲንጀር። እ.ኤ.አ. በ1924 በሰጡት ቃል፣ ሲንጀር ሚስቱ በእጅ ስፌት ስትደክም አይቶ በፍቅር የሠራት ናት ብለዋል። እንዳለመታደል ሆኖ ሲንጀር የተሳሳተ ባል ነበር። ከተለያዩ ሴቶች ከ20 በላይ ልጆች የወለደ ሰው ነው፤ ለሚስት የሚራራ ልብ ካለውም በጣም ተበታትኖ ነበር። ታሪኩ ለሃው ቢሆን ያምር ነበር። እሱ ታሞ ሲተኛ ሚስቱ በሰው ልብስ ስፌት ቤት ታስተዳድር ነበርና፤ ሀብቱን ሳታይ ሞተች።

ማርክስም "ካፒታል" ውስጥ ስለዚህች መኪና ጽፏል፤ የእኛ ዘመን ተማሪ ለፈተና ሲል ያንን መጽሐፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የዞረ ቢሆንም እዚያ ገጽ የደረሰ ግን ጥቂት ነው። መኪናዋ ሴቲቱን ከመርፌ ታሳርፋለች ተብላ መጥታ፣ የቀሚሱን ብዛት አብዝታ፣ ሴቲቱን እዚያው አስቀመጠቻት።

ወዳጄ መደርደሪያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ከቁጥራቸው ቀጥሎ "ኬ" የምትል ፊደል አላቸው። ኪልቦዊ ማለት ነው፤ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የነበረው የሲንጀር ፋብሪካ። በደህናው ጊዜ በዓመት ከሚሊዮን በላይ መኪና ይወጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 እዚያ ሥራ ቆመ። የተነሳው ከጥቂት ሴቶች ነው፤ የመኪናውን የእንጨት ክፍል የሚወለውሉ ሴቶች። ቁጥራቸው ተቀንሶ ሥራው በቀሩት 12 ላይ ተጫነ፤ እነሱ ተነሱ፤ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ተከተላቸው። አድማው ከሸፈ፣ 400 ያህሉ ተባረሩ። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ፤ የባቡር ጣቢያው ግን ዛሬም "ሲንጀር" ይባላል። ይሄን ለወዳጄ ስነግረው የሆነች መኪና ጣውላ ላይ እጁን አሳረፈና ዝም አለ። የሚወለውለው እንጨት ላይ ከእሱ በፊት የወለወለች ሴት አለች፤ ስለ ደሞዟ የተጣላች።

እኛ ደግሞ የራሳችን ሒሳብ አለን። ሠሪን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጅ የሚያስፈልገው ደግሞ ነገሩ የቱን ያህል ቢበዛ ነው? ልብስ ሰፊው ከእነዚያ ጎራ ሙሉ በሙሉ አልተቆጠረም፤ መኪና ያለው "ዘመናዊ" ነው። የአዲስ አበባ ልጃገረዶችም በእቴጌ መነን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት እና በየቦታው ስፌት ሲማሩ ክብር ነበረው፤ ግን "የሴት ሙያ" ተብሎ ጓዳ የገባ ክብር። "የልብስ ሰፊ ልጅ" የሚለው ንግግር በማን አፍ እንዴት እንደሚባል እናውቃለን። አሁን ያ መኪና አርጅቶ፣ ሥራ አቁሞ፣ ወርቁ ተወልውሎ ሲቀርብ "ኧረ እንዴት ያምራል!" እንላለን፤ ፎቶ እንነሳበታለን። መሣሪያውን ከእጁ ነጥለን ካከበርነው፣ የምናከብረው እጁ ስለሌለበት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጎጎልን ሳስተምር ከ"ካፖርት" ውስጥ ሁሌም የሚደንቀኝ ፔትሮቪች ነው፤ አንድ ዓይና ልብስ ሰፊው። ድርሰቱ የታተመው በ1842 ነው፤ መኪና ገና አልተስፋፋም ነበር፤ ስለዚህ ፔትሮቪች ካፖርቱን በሐር ክር በእጁ ይሰፋና ስፌቱን በጥርሱ ይጫነዋል። ተማሪዎች ሁሉ ለአካኪ ያለቅሳሉ፤ ካፖርቱን ለተዘረፈው። ካፖርቱን ለሰፋው ማንም አልቅሶ አያውቅም። ጎጎል ግን ካፖርቱን ካስረከበ በኋላ መንገድ ላይ አቁሞ ሥራውን ከሩቅ እንዲያይ አድርጎታል። ያቺ ትንሽ ነገር ትበልጥብኛለች።

የሰፊው ነገር ከተነሳ፣ ከአትላስ ወደ ውስጥ በሚገባ አንድ ቅያስ ላይ የቆርቆሮ አጥር ተጠግተው የሚሰፉ ሽማግሌ ነበሩ። መኪናቸው 15ኬ ነበረች፤ ወርቋ ከመርፌው ፊት ብቻ ሳይሆን ከየቦታው ያለቀ። ወዳጄ አንድ ቀን ሱሪ ይዞ እንደ ደንበኛ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ።

"አባባ፣ ይቺን መኪና አይሸጡልኝም?" አላቸው።

"ልትሰፋባት ነው?"

"አይ፣ እኔ ስፌት አላውቅም።"

"ባለቤትህ ትሰፋለች?"

"ኧረ እሷም አታውቅም። የድሮ መኪና እሰበስባለሁ።"

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና አዩት። "ሰብስበህስ?"

"አድሳቸዋለሁ፤ እንደ ድሯቸው እንዲሠሩ አደርጋቸዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... አስቀምጣቸዋለሁ።"

ሽማግሌው ሱሪውን አገላብጠው አዩ፤ ስንት ይጠር አሉ፤ ጠመኔ አነሱ። ወዳጄ የአዲስ መኪና ዋጋ እጥፍ ጠራላቸው። ከዚያም ጨመረ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ልግዛልዎት አለ። "መብራት ሲሄድ እኔም ከመብራቱ ጋር ልሂድ?" አሏቸው፤ ቀጠሉም፤ "የምትፈልገው አሮጌ መኪና ነው አይደል ልጄ? እኔ አሮጌ የለኝም። ይቺ የምሠራባት ናት።" ሱሪውን ለነገ ቀጠሩት።

ከወራት በኋላ አጥሩ ፈርሶ ቦታው ለፎቅ ተቆፈረ። ሽማግሌው የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ወዳጄ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በየሱቁ ጠየቀ። "ያቺ 15ኬ የት ደርሳ ይሆን?" አለኝ አንድ ማታ። "ሰውየውስ?" አልኩት። "እሳቸውንም ማለቴ ነው" አለ፤ ቶሎ ብሎ፤ በጣም ቶሎ ብሎ።

ከአትላስ ወደ ምሥራቅ፣ ከተማዋ ዳርቻ ላይ ቦሌ ለሚ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረ የኢንዱስትሪ ፓርክ። እዚያ የስፌት መኪና አይሰበሰብም፤ ይሰለፋል። በአንድ አዳራሽ ረድፍ በረድፍ፣ በየመኪናው አንዲት ወጣት፣ አንዷ እጅጌ ብቻ፣ አንዷ ኪስ ብቻ። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው አንድ ጥናት የሐዋሳውን ፓርክ አጥንቶ የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በዓለም ልብስ ስፌት ውስጥ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፎ ነበር። በጥር 2022 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ብዙዎቹ ልጆች ያቺንም አጡ። ከእነዚያ ልጆች መኪኖች አንዱ ከ90 ዓመት በኋላ አትላስ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ይሆን? አይመስለኝም። ወርቅ የለውም፣ ስፊንክስ የለውም፤ ከፕላስቲክና ከግራጫ ብረት የተሠራ ነው። የማያምር ድካም ሰብሳቢ የለውም።

ይሄን ሁሉ ብዬ ወዳጄን ብከሰው ግን አላግባብ ይሆናል። እሱ ባይኖር 43ቱ ቀልጠው የግንባታ ብረት ሆነው ነበር። ለነገሩ በሌላው አገር እሱን የሚያስንቁ ሞልተዋል። ለንደን ውስጥ አንድ ነጋዴ ከ600 በላይ ሰብስቦ ሙዚየም አድርጎታል። አንድ የእንግሊዝ የልብስ ሱቅም በመቶ የሚቆጠሩ አሮጌ መኪኖችን መስኮቱ ላይ እንደ መጋረጃ ደርድሯል፤ ዕቃው የሚሸጠው ልብስ ሌላ ቦታ፣ በሌላ መኪና፣ በሌላ እጅ ተሰፍቶ። እዚያው አገር ደግሞ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ተቃራኒውን የሠሩ ሰዎች አሉ፤ አሮጌ መሣሪያና የስፌት መኪና ከየጋራዡ እየሰበሰቡ፣ በጡረተኞች እጅ እያሳደሱ ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ማላዊ ላኩ። ተመሳሳይ ላምባ፣ ተመሳሳይ ዘይት፣ ተመሳሳይ ትዕግሥት። ልዩነቱ የመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ብቻ ነው፤ መደርደሪያ ወይስ ጭነት።

ለወዳጄ የሚከራከርለት ሰው (አንዳንድ ቀን እኔ ራሴ ነኝ) እንዲህ ይል ይሆናል፤ ሁሉም ነገር የግድ መጥቀም አለበት ያለው ማነው? የላሊበላን ከበሮ ሁሉ እየመታን ነው የምናከብረው? አንድ ትውልድ መሣሪያውን አንድ ቦታ ካላስቀመጠ ልጆቹ አያቶቻቸው በምን እንደሠሩ በምን ያውቃሉ? ልክ ነው። "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" ይባል የለ፤ አንዳንዴ ወርቁ ወርቅ መሆኑ የሚታወቀው ከእጅ ሲወጣ ነው። ግን ሁለት፣ ሦስት መኪና ለትዝታ ይበቃሉ። አርባ ሦስት ትዝታ አይደለም፤ አርባ ሦስት ክምችት ነው፤ ያውም የምትሰፋበት አጥታ ተራ የምትጠብቅ ልጅ ባለባት ከተማ። ሊሰፋ የማይችል መኪና የፈለገውን ያህል ይደርድር። የሚሰፋውን፣ እሱ ራሱ 5 ሳምንት ላምባ አጠጥቶ ያስነሳውን ግን ማስነሳቱ ለምን ነበር? ለመዘውሩ ግማሽ ዙር?

ይሄን ፊት ለፊት ነገርኩት። ሁለት ወር አኮረፈኝ። ከዚያ ስፌት ለሚማሩ የሰፈር ልጆች አራት 15 ቁጥሮችን በውሰት ሰጠ፤ ስፊንክስ ያለባቸውን አይደለም፣ ለእነዚያ መወርወሪያና ማጠንጠኛቸው ከጠፋ አይገኝም ብሎ። ውሉንም ራሱ ጻፈው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ዘይት፣ አልኮል እንዳይነካ፣ ቀለም እንዳይቀባ፣ ምንም ነገር እንዳይለጠፍበት። በቀደም ሊጎበኛቸው ሄዶ ተንጨርጭሮ መጣ። አንደኛዋ ልጅ ከመርፌው ጎን፣ ልክ ወርቃማው ሐረግ ላይ፣ ነጭ ፕላስተር ለጥፋለች።

"ለምን እንደለጠፈችው ጠየቅካት?" አልኩት።

"የጨርቁን ጠርዝ ልታስተካክልበት ነው አሉ። መስመር አድርጋው።"

"ስፌቱስ?"

ጥቂት አሰበ። "ስፌቱማ ቀጥ ያለ ነው" አለ።

ፕላስተሩን ያንሳው አያንሳው እስካሁን አልወሰነም። ሲነሳ ወርቁ አብሮ ይነሳል ብሎ ይፈራል፤ በላምባ ይለሰልስ እንደሆነ ሰው እያጠያየቀ ነው።